ጥዱ አለ፤ ልጁስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሹ ስለ ጥድ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ክረምቱ እየገባ ነው፤ ሰው ሁሉ ችግኝ ፍለጋ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ከሰላሳ ዓመት በላይ ከጣርማበር በታች ባለ የችግኝ ጣቢያ ውስጥ፣ መደብ ላይ ጎንበስ ብዬ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ጥድ ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ስለ አትክልትና ስለ ዶሮ የጠየቃችሁኝን ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ ዛሬ ስለ ጥድ ብቻ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? አምና ክረምት ከመንገድ ዳር ሃያ የጥድ ችግኝ ገዝቼ ግቢዬ ተከልኩ። አሁን ወገቤ ደርሰዋል። ጎረቤቴ አይቶ «ይሄ እኮ የፈረንጅ ነው» አለኝ። ሻጩን መልሼ ብጠይቀው «ጥድ ጥድ ነው» አለኝ። እውነቱ የቱ ነው? በምንስ ይለያሉ?
መምህር፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድሜ፣ በአንድ ዓመት ወገብህ ከደረሱ ጎረቤትህ ትክክል ነው። የአገራችን ጥድ እንዲህ አይቸኩልም።

ችግሩ ስሙ ላይ ነው። እኛ አገር ሦስት ዓይነት ዛፍ በአንድ ስም «ጥድ» ይባላል። አንደኛው የራሳችን የሐበሻ ጥድ ነው። በሳይንስ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ይባላል። ሁለተኛው የፈረንጅ ጥድ የምንለው፣ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው ነው። ሦስተኛው ቅጠሉ እንደ ረጅም መርፌ ተሰብስቦ የሚንጠለጠለው ነው። ፓቱላ ይሉታል፤ እሱም የሜክሲኮ ነው። ፈረንጆቹ «ፓይን» የሚሉት እውነተኛው ዘር ይሄ ሦስተኛው ነው። በኢትዮጵያ መሬት በተፈጥሮ የበቀለ ፓይን የለም። ለተማሪዎችህ ስታስተምር ይሄን ብትነግርልኝ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። የእኛ ጥድ ከፓቱላ ይልቅ ለፈረንጅ ጥድ ይቀርባል። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ናቸው።

መለያው ፍሬው ነው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ለስላሳ ነው፤ መጠኑ የአተር ያህል ነው። ሲደርስ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ይሆናል፤ ላዩ ላይ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። በጣትህ ብትጨፈልቀው ሽታው እጅህ ላይ ይውላል። የፈረንጁ ፍሬ ግን ደረቅ እንጨት ነው። ትንሽ ኳስ ይመስላል፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ችግኝ ሆኖ ፍሬ ስለሌለው ቅጠሉን ዳስሰው። የሐበሻ ጥድ በልጅነቱ ቅጠሉ ሹል ነው፤ መዳፍህን ስታሳልፍበት ይዋጋል። ካደገ በኋላ ነው ቅጠሉ እንደ ቅርፊት ተደራርቦ የሚለሰልሰው።

የተከልካቸውን አትንቀላቸው። የፈረንጁም ለአጥርና ለጣውላ ጥሩ ዛፍ ነው። ግን «ጥድ ጥድ ነው» የሚለው ቃል ያመኛል። ከብዙ ዓመት በፊት እኛ ጣቢያ ለአንድ መሥሪያ ቤት ችግኝ እናቀርብ ነበር። የሐበሻውንም የፈረንጁንም በአንድ መስመር «ጥድ» ብለው ነበር የሚመዘግቡት። የፈረንጁ ቶሎ ይደርሳል፤ ቁጥር ይሞላል። እኛም ታዘዝንና ከዓመት ዓመት የሐበሻውን መደብ እያጠበብን ሄድን። ወረቀቱ ላይ ጥድ በዛ፤ ተራራው ላይ ግን የሐበሻ ጥድ አልበዛም። ይሄን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መደቡን ያጠበበችው የእኔ እጅም ናት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ቡልጋ ያለው የአያቴ ቤት አርጅቶ ሊፈርስ ነው። ግድግዳው የጥድ ፍልጥ ነው። ዘመዶቼ እንጨቱን ለማገዶ ልንሸጠው ነው ይላሉ። ይሽጡት?
የልጅ ልጅ

መልስ፦ ልጄ፣ ዛሬውኑ ደውዪና አስቁሚያቸው!

ከመሬት ያለውን ጫፍ በፋስ ቀርፈው ይዩት። ላዩ ያለው ነጩ ክፍል በስብሶ ይሆናል። ከውስጥ ያለው ቀዩ ግን ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። የጥድ ልብ ቶሎ አይነቅዝም፤ ምስጥም እንደ ሌላው እንጨት አይደፍረውም። በውስጡ ዘይት አለው። ያ ጥሩ መዓዛው ራሱ ነው የሚጠብቀው። አባቶቻችን ለቤተ ክርስቲያን ጣራና ምሰሶ ጥድ የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። ኬንያ ውስጥ በእንግሊዞች ዘመን ይሄንኑ ዛፍ ለእርሳስ መሥሪያ ይልኩት ነበር። ሲቀረጽ አይሰነጠቅም፤ ለቢላ ይታዘዛል።

የአባቴ ቤት ሲፈርስ አሥር ዓመት ይሆነኛል። እኔም ልክ እንዳንቺ የሚሆነውን አላውቅም ነበር። አናጺው አንዱን ቋሚ ሲሰነጥቀው ሽታው ግቢውን ሞላው። ቤቱ ከእኔ ዕድሜ በላይ ነበር፤ ሽታው ግን ትናንት የተቆረጠ ይመስል ነበር። እናቴ ወጥታ ቆማ አለቀሰች። ከዚያ እንጨት አንድ ሣጥንና ሁለት በር አሠራሁ። ሣጥኑ ውስጥ ያለ ጋቢ ብል አይበላውም።

ጥሩ አናጺ ፈልጊ። አሮጌ ምስማር ካለበት አስነቅዪ፤ መጋዙን ያበላሻል። ቀጭኑ ፍልጥ ለመደርደሪያ ይሆናል። ወፍራሙን ቋሚ በምንም ምክንያት አትስጪ።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። ከባሶና ወራና ነኝ፤ ሥራ አጥ ወጣት ነኝ። አባቴ ግማሽ ሄክታር የማትሆን ቁልቁለት መሬት ሰጠኝ። ጥድ ብተክልባት መቼ ይሸጣል? ጓደኞቼ ባሕር ዛፍ ትከል ይሉኛል።

መልስ፦ የእኔ ልጅ፣ እውነቱን ልንገርህ። ለገቢ ከሆነ ጓደኞችህ ልክ ናቸው። ባሕር ዛፍ በአምስት፣ በስድስት፣ በሰባት ዓመት አጣና ይሆናል። ጥድ ግን ለጣውላ እንዲሆን የሰው ዕድሜ ይፈልጋል። አንተ ትተክለዋለህ፤ የሚቆርጠው የልጅህ ልጅ ነው። ይሄን ደብቄ «ጥድ ትከል፣ ሀብታም ትሆናለህ» ብልህ በደልኩህ ማለት ነው።

ባሕር ዛፍን የሚረግሙ ብዙ ናቸው፤ እኔ አልረግመውም። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ከአውስትራሊያ ባይመጣ ኖሮ የቀረችን ጥድም ለአዲስ አበባ ማገዶ ታልቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። አሁንም ቢሆን የእናቶቻችን ምድጃ የሚነደው በእሱ ነው።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። የታችኛውን ክፍል ባሕር ዛፍ አደርገዋለሁ። ከምንጭና ከማሳ ግን አርቀዋለሁ። የላይኛውን ጠርዝና ድንበሩን ሁሉ የሐበሻ ጥድ እተክልበታለሁ። ሠላሳ አርባ ዛፍ ይበቃል። ጥድ ድንጋያማ ቁልቁለት አይፈራም፤ ድርቅም ይችላል። እየቆየ አፈሩን ይይዝልሃል። የነፋስ መከለያም ይሆናል፤ የደብረ ብርሃንን ነፋስ ለአንተ አልነግርህም።

ጥያቄ፦ በግቢያችን አባቴ የተከለው ጥድ አለ። ቤት ልንሠራ ስለሆነ መቁረጥ ፈለግን። ጥድ መቁረጥ በሕግ ክልክል ነው ይባላል። እውነት ነው?
ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ አራት ዛፎችን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፦ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ። ከዚያ በኋላ ሌሎች አዋጆች ወጥተዋል። ሰው ራሱ በግቢው የተከለው ከተፈጥሮ ደን ጋር አንድ አይደለም። ቢሆንም እንጨቱ ከግቢ ወጥቶ መንገድ ላይ ሲገኝ «ከየት አመጣኸው?» መባሉ አይቀርም። መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት ወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ደግሞስ ቤቱን ሁለት ሜትር ወዲህ ማድረግ አይቻልም? አንድ ጊዜ ሜትሩን ይዛችሁ ለኩት እስቲ። የአባታችሁ እጅ ያረፈበት ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከአዲስ አበባ ከጓደኞቼ ጋር የተፈጥሮ ጥድ ደን ማየት እንፈልጋለን። መናገሻን አይተናል። በሰሜን ሸዋ የት እንሂድ?

መልስ፦ ወፍ ዋሻ ሂዱ። መናገሻን ካያችሁ ወፍ ዋሻን ማየት ግዴታችሁ ነው፤ የመናገሻ እናት ናትና። ሲነገር የኖረው እንዲህ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ያው ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ንጉሥ፣ የጥድ ዘርና ችግኝ ከወፍ ዋሻ አስወስደው ወጨጫ ተራራ ላይ አስተከሉ። የዛሬው የመናገሻ ደን ከዚያ የቆየ ነው ይባላል። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ ይሄን ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ የማስበው የተሸከሙትን ሰዎች ነው። ያኔ ላስቲክ የለም፤ መኪና የለም። ሥሩን በምን ጠቅልለው፣ በስንት ቀን፣ ስንቱ ሳይደርቅ ደረሰላቸው?

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ሁለት መንገድ አላችሁ። አንዱ ወደ አንኮበር የሚወስደው ነው። ሌላው ጣርማበር ላይ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ነው። ደኑ በሁለቱ መካከል ገደሉን ይዞ ይወርዳል። የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ግቡ፤ ጉሙ ድንገት ይዘጋል፤ መንገድ ያስታል።

ብትችሉ ከላይ ወደ ታች ሂዱ። ደኑ በደረጃ የተሠራ ነው። ከላይ ብርዱ ላይ አስታና ጅብራ ታገኛላችሁ። አስታው ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። ዝቅ ስትሉ ኮሶና አምጃ ይመጣል። ከዚያ ጥዱ ይጀምራል። ቀጥ ያለ፣ ግንዱ በረጅሙ የተላጠ የሚመስል፣ አንዳንዱ ከሠላሳ ሜትር በላይ የሚሆን ጥድ። ከእሱ ጋር ወይራው አለ። የጥድና የወይራ ጉርብትና በአገራችን የቆየ ነው፤ ከትግራይና አፋር ድንበር ከደስአ ደን እስከ ባሌና ቦረና ድረስ ደረቅ ደጋው ላይ አብረው ነው የምታገኟቸው። የበለጠ ስትወርዱ እርጥበቱ ይጨምራል፤ ዝግባው ይበዛል። እዚያ ስትደርሱ አንገታችሁ እስኪያማችሁ ወደ ላይ ታያላችሁ።

አንድ ነገር አስተውሉ። ጠዋት ጉሙ ሲመጣ ጥድ ሥር ቁሙ። ዝናብ ሳይዘንብ ከቅርንጫፉ ጠብ ጠብ ይላል። ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ ጉሙን ያጠልለዋል። ሜዳው ደርቆ ሳለ ከዛፉ ሥር ያለው አፈር ረጥቦ ታገኙታላችሁ። እኛ ጣቢያው ውስጥ በበጋ የምንጠቀምበት ምንጭ ከዚያ ደን ሥር የሚወጣ ነበር። ሰው «ዛፍ ውሃ ያመጣል» ሲል በዓይኔ ያየሁት ይሄንን ነው።

ደግሞ እባካችሁ ለገና ብላችሁ ጫፍ ቆርጣችሁ እንዳትመጡ። ጥድ ጫፉ ከተቆረጠ ያ ቀጥ ያለ ቁመቱ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ ለተከበርሽው እህታችን። እኔ በተጉለት አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ ሁለት ነው። ቅጥር ግቢያችን በጥድ የተሞላ ነው። ልጅ ሆኜ ድቁና ስቀበልም እንዲሁ ትልልቅ ነበሩ። ባለፉት ዓመታት ግን አምስቱ ወደቁ፤ ሁለቱ ደግሞ ጫፋቸው ደርቋል። ማንም አልቆረጣቸውም፤ እኛ ቅርንጫፍ እንኳን አናስነካም። የገረመኝ አንድ ነገር ነው። በወደቁት ምትክ የበቀለ አንድም የለም። በግቢው ውስጥ ከእኔ የሚያንስ ጥድ አላየሁም። ይህ የምን ቁጣ ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ከእኔ የሚያንስ ጥድ አላየሁም» የሚለው ቃል ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ቁጣ አይደለም አባቴ። እናንተ ዛፉን ጠብቃችሁታል፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ያልተጠበቀው ልጁ ነው።

የጥድ ልጅ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። እናቱ ሥር አያድግም። ብርሃን ይፈልጋል። ትልልቆቹ ጥዶች ገጥመው ጥላ ሲያደርጉ ዘሩ ወድቆ ቢበቅል እንኳን ብርሃን አጥቶ ይሞታል። ወይራ በጥላ ይታገሣል፤ ጥድ አይችልም። ደን ውስጥ ልብ ብለው ካዩ ሕፃን ጥድ የሚገኘው ጠርዝ ላይ፣ ዛፍ በወደቀበት ክፍት ቦታ፣ ወይም የተተወ ማሳ ላይ ነው። የእናንተ ግቢ ግን ጠርዙ አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ማሳ ነው፤ በሬ ያርሰዋል። ስለዚህ ልጁ ውስጥም ቦታ የለው፤ ውጭም ቦታ የለው።

ግቢው ደግሞ ይጠረጋል። በበዓል ሰው ይሞላዋል። መሬቱ በእግር ተረግጦ ጠንክሯል። ቅዳሴ ሲያልቅ በር ክፍት ይቀርና በግና ጥጃ ይገባል። ከብቱ ጥድ እንደ ሣር አይወድም፤ ግን ይረግጠዋል። የጣት ቁመት ያለው ችግኝ አንድ ኮቴ ይበቃዋል።

ስለ ወደቁት ልንገርዎት። ግንዳቸውን አይተውት ከሆነ መሃሉ ባዶ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ያረጀ ጥድ ውስጡን የሚበላ ፈንገስ አለ። ከውጭ የሚታየው ግንዱ ላይ እንደ ኮርቻ የተለጠፈ ደረቅ እንጉዳይ ነው። ያንን ያዩበት ዛፍ ውስጡ እየተቦረቦረ ነው። ሰው ከሚቀመጥበትና ከመቃብር ቤት አጠገብ ካለ ከግብርና ባለሙያ ጋር ተነጋገሩ። ነፋስ በገባ ቁጥር ያሰጋል። ቅርንጫፍ ላይ የጥዱን ቅጠል የሚመስል ቢጫ ቁጥቋጦ ካዩ ደግሞ ተቀጽላ ነው። የጥድን ደም መጥጦ የሚኖር ነው። ሁለቱ ጫፋቸው የደረቀውን በዚህ ዓይን ይዩአቸው። እሳትም ይጠንቀቁ። የጥድ ልጥ ስስ ነው፤ ሥሩ ቆሻሻ ሲያቃጥሉ ግንዱ ከተለበለበ አይተርፍም።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። መጀመሪያ እናትና አባቱን ይለዩ። ጥድ እንደ ሰው ወንድና ሴት አለው፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ዛፍ ወንድ፣ አንዱ ሴት ነው። ሰማያዊ ጥቁር ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት። ወንዱ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ደቃቅ ቢጫ ነገር ይይዛል፤ ሲመቱት እንደ ዱቄት ይቦናል። የወደቁት አምስቱ ሴቶቹ ከሆኑ ነገሩ ከባድ ነው። ወንዶች ብቻ ቀርተው እንደሆነ ዘር ከሌላ ደብር መለመን ነው። ሴት ካለች ግን ተስፋ አለ።

ፍሬው ጠቁሮ ሲደርስ ከብዙ ሴት ዛፎች ይለቀም። ከአንዷ ብቻ አይሁን። ከዚህ በኋላ እኛ የተሳሳትነውን እናንተ እንዳትሳሳቱ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ፍሬውን እንደ ለቀምነው መደብ ላይ ዘራነው። አጠጣን። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ምንም የለም። ኃላፊያችን ዘሩ መካን ነው ብሎ ሊጥለው ነበር። ጥበቃ የነበሩ አንድ አዛውንት ናቸው የነገሩን። «ወፍ በሆዷ የምታደርገውን እናንተ በእጃችሁ አድርጉት» አሉን። እውነት ነው። ወፎች ፍሬውን ውጠው ሥጋውን ያስቀሩታል፤ ዘሩን ከኩሳቸው ጋር ሌላ ቦታ ይጥሉታል። ደን ውስጥ ጥድን የሚዘራው ወፍ ነው። ሥጋው ላዩ ላይ እያለ ዘሩ አይነቃም።

ስለዚህ ፍሬውን አንድ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ከሻካራ አሸዋ ጋር በእጅ እሹት። ሥጋው ሲለቅ አጥባችሁ ዘሩን ውሃ ውስጥ ጨምሩት። የሚንሳፈፈው ባዶ ነው፤ ይጣል። የሰጠመውን በለሰለሰ መደብ ላይ ዝሩ፤ ቀጭን አፈር አልብሱት፤ ሣር ጣል አድርጉበት። ከላዩ ዳስ ይሠራለት። በአንድ ጊዜ አይወጣም። አንዱ ዛሬ፣ አንዱ ከወር በኋላ ነው። ብዙው ላይወጣም ይችላል። ሴቶቹን ሠራተኞች ስቀጥር የማስጠነቅቃቸው ይሄን ነበር፤ ዘግይቶ የሚወጣውን ትዕግሥት አጥታችሁ መደቡን እንዳትገለብጡ።

ጣት ሲያክል የጫካ አፈር ወደ ተሞላ ላስቲክ ይዛወር። ከትልልቆቹ ጥዶች ሥር ያለውን አፈር ትንሽ ቀላቅሉበት። ከዓመት በላይ በላስቲክ ይቆይ። ከመተከሉ በፊት ዳሱን ቀስ በቀስ እያሳሳችሁ ፀሐይ አለማምዱት።

የሚተከልበት ቦታ ነው ዋናው ነገር። ከአሮጌዎቹ ሥር አይተክሉት። አምስቱ የወደቁበት ቦታ ሰማይ ይታይበታል፤ እሱ ጥሩ ነው። ከዚያም በላይ ግን አጥሩን ስለ ማስፋት ይመካከሩ። ከአጥሩ ውጭ አሥር እርምጃ ያህል መሬት ብታገኙ፣ ባለማሳዎቹ ፈቅደው ዙሪያውን በድንጋይ ካብ ቢከለል፣ ወፎቹ ራሳቸው ሥራቸውን ይጀምራሉ። ከባድ ልመና እንደሆነ አውቃለሁ። ለገበሬ አሥር እርምጃ ብዙ እህል ነው። እናንተ ግን ሽማግሌ ናችሁ፤ ይሰማችኋል። የመንዝ ሰዎች የጓሳን የሣር ምድር «ቄሮ» በሚባለው የቆየ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጠብቀው ያቆዩት ተስማምተው፣ የሚከለከልበትን ጊዜ ወስነው ነው። ለሣር የተቻለ ለጥድ አይቸግርም።

ሐምሌ ላይ ይተከል። ጥቅምትና ኅዳር የተጉለት ውርጭ ከባድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሌሊቱን በቅርንጫፍ ወይም በገለባ ይከለልለት። በበጋ የሰንበት ተማሪዎች አንድ አንድ ጣሳ ውሃ ቢያጠጡት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ዛፍ ይሰጠው። የብዙ ሰው ዛፍ የማንም ዛፍ ነው፤ ጣቢያችን ውስጥ ያየሁት ነው። መደቡ በስም ከተከፋፈለ በኋላ ነው የደረቀው ችግኝ የቀነሰው።

እኔ ደግሞ እንዲህ አስቤያለሁ። ጥቅምት ሲገባ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ልጄ ተጉለት ድረስ ሊያደርሰኝ ቃል ገብቶልኛል። ዳስ የሚሠራበትን ቦታ አብረን እናያለን። ሁለት ከረጢት ላስቲክ ይዤ እመጣለሁ፤ አሸዋውን ከወንዝ ታስመጡልኛላችሁ። እስከዚያ የወንዱን ጥድ ግንድ በነጭ ክር፣ የሴቷን በቀይ ክር አስራችሁ ጠብቁኝ። ወጣቶቹ ዲያቆናት ይለዩዋቸው። እርስዎ አጠገባቸው ይቁሙ።